ኡሽማል፣ ካካዎና ሴኖቴ፦ የአንድ ቀን ጉዞ በዩካታን

ሜክሲኮ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ የሚታየው አደባባዩ ነው። ስሙ ደግሞ ያለ ምክንያት አልወጣም። ጣሊያን በ1936 ኢትዮጵያን ስትይዝ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። በእነሱም ዋና ከተማ ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አለ። እንዲህ ዓይነት ወዳጅነት እያለ ስለ አገሩ በአማርኛ የሚነበብ ነገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። የዚያው አካባቢ ነባር ሕዝብ ስለሆኑት ስለ ማያዎችማ ያለው “በ2012 ዓለም ትጠፋለች ብለው ነበር” ከሚለው ወሬ ብዙም አያልፍም። ይህ ዳሰሳ አንድ የጉብኝት መስመር ይዞ ክፍተቱን በመጠኑ ለመሙላት የተሰናዳ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዞው የሚነሳው ከሜሪዳ ነው። ሜሪዳ በደቡብ ምሥራቅ ሜክሲኮ ያለው የዩካታን ግዛት ዋና ከተማ ናት። ሚኒባሱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ መንገደኞቹን ከየሆቴላቸው ይለቅምና ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። መጀመሪያ የጥንቷ ከተማ ኡሽማል ትጎበኛለች። ቀጥሎ መንገዱን ተሻግሮ ቸኮሌት የሚሠራበት የካካዎ ሙዚየም አለ። ከሰዓት በኋላ ሴኖቴ በሚባል የተፈጥሮ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ዋና። አስጎብኚ ድርጅቶቹ ሦስቱን እንደ ሦስት የተለያየ ዕቃ ነው የሚሸጡት፤ ታሪክ፣ ጣዕም፣ መዝናኛ። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሦስቱም የውሃ ጉዳይ ናቸው።

ሰሜን ዩካታን ላይ ወንዝ የለም። መሬቱ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ እንደ ወንፊት ያልፈውና ከሥር ይጠራቀማል። የድንጋዩ ጣሪያ የተደረመሰበት ቦታ ላይ ከታች ያለው ውሃ ይገለጣል። ሴኖቴ የሚባለው ይሄ ነው። ቃሉን ስፔኖች ከማያዎቹ “ጾኖት” ነው የወሰዱት፤ “ጸ”ን ማለት ስላቃታቸው “ሴ” አደረጉት። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ይህ ቋንቋ ደስ የሚል ነገር አለው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ አምስቱም አሉበት። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ጭረት እየተጨመረበት የሚቸገረውን ድምፅ እኛ በአንድ ፊደል እንገላገላለን። ተናጋሪዎቹም ጠፍተው አላለቁም። ሜክሲኮ ውስጥ ብቻ ከ700,000 በላይ ሰው ዛሬም ይናገረዋል። አስጎብኚውም ሾፌሩም ብዙ ጊዜ ከእነዚሁ ናቸው።

ኡሽማል ያለችበት አካባቢ ፑክ ይባላል፤ ኮረብታ ማለት ነው። እዚህ የከርሰ ምድር ውሃው በጣም ጥልቅ ነው፤ ሴኖቴም አይገኝም። ዩኔስኮ ከተማዋ በ700 ዓ.ም. አካባቢ እንደተመሠረተችና ወደ 25,000 ሰው እንደነበራት ይናገራል። ይህ ሁሉ ሰው ምን ይጠጣ ነበር? መልሱ ቹልቱን ነው። ቹልቱን አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ከድንጋዩ የተፈለፈለ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ውስጡ በኖራ ይለሰናል። በዙሪያው ያለው ወለል ወደ አፉ ዘንበል ተደርጎ ይነጠፋል። ዝናብ ሲጥል ግቢው በሙሉ አሸንዳ ይሆናል ማለት ነው። ከክረምት እስከ ክረምት የሚያደርሳቸው ይህ ውሃ ነበር። ጎብኚው ፒራሚዱን አንጋጦ ሲያይ እግሩ ሥር ያለውን ጉድጓድ ሳያየው ያልፋል። ያሳዝናል፤ የከተማዋ ትልቁ ሥራ እሱ ነውና።

ለዚህም ነው የዝናቡ አምላክ ቻክ በየግድግዳው ያፈጠጠው። ዓይኑ ክብ ነው፤ አፍንጫው እንደ ኩምቢ ረዝሞ ይጠቀለላል። ፊቱ ከአንድ ድንጋይ የተቀረጸ አይደለም። ቅንድቡ፣ ጉንጩ፣ ጥርሱ ለየብቻ ተጠርበው በግድግዳው ላይ ይገጣጠማሉ። የታችኛው ግድግዳ ልሙጥ ይሆንና ጌጡ በሙሉ ከላይ ይሰፍራል። ባለሙያዎች የፑክ ስልት የሚሉት ይህንን ነው። ሌላዋ የማያ ከተማ ቺቼን ኢትዛ ስሙን ይዛለች፣ ጎብኚውንም ይዛለች። ለድንጋይ ጥበብ ለመጣ ሰው ግን ኡሽማል ትበልጣለች።

መግቢያው ላይ ሁለት ቲኬት ይቆረጣል። አንዱ ለፌዴራሉ የቅርስ መሥሪያ ቤት፣ አንዱ ለግዛቱ። እንደገቡ ፊት ለፊት የሚገተረው የአስማተኛው ፒራሚድ ነው። ቁመቱ 35 ሜትር ገደማ ነው። መሠረቱ እንደ ሌሎቹ ባለ አራት ማዕዘን ሳይሆን ጎኑ የተሞረደ ሞላላ ነው። አፈ ታሪኩ ከእንቁላል የተፈለፈለ ድንክ በአንድ ሌሊት ሠራው ይላል። ተመራማሪዎቹ አምስት ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ነው የተሠራው ይላሉ። “ኡሽማል” የሚለውንም ብዙዎች “ሦስት ጊዜ የተሠራች” ብለው ይፈቱታል። መውጣት ክልክል ነው። አስጎብኚው ሥሩ ቆሞ ያጨበጭባል፣ ድንጋዩ የወፍ ጩኸት በሚመስል ድምፅ ይመልስለታል። ከዚያ ጎብኚው ሁሉ በተራው ያጨበጭባል።

ከኋላው የመነኮሳይያት ግቢ አለ። ክፍሎቹ ሲበዙባቸው ስፔኖች የሴት ገዳም መሰላቸው፤ ስሙ እንዲሁ ቀረ። ራቅ ብሎ ከፍታ ላይ 100 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው የገዢው ቤተ መንግሥት ይታያል። ይህ ሕንፃ ከሌሎቹ በተለየ አቅጣጫ ዞሮ ነው የቆመው። ምክንያቱ ቬነስ ናት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም ማለት ይቻላል። የሚያከራክረው እንደ አጥቢያ ኮከብ ስትወጣ ነው ወይስ እንደ ምሽት ኮከብ ስትጠልቅ ነው ያነጣጠሩባት የሚለው ነው። ከተማዋ ደረጃዋን የነካችው በ900 አካባቢ በንጉሥ ቻን ቻክ ቃቅናል አሃው ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተዳክማ ተተወች። በድርቅ ነው፣ በጦርነት ነው የሚሉ አሉ፤ ስፔኖች ሲመጡ ሺዩ የሚባለው የገዢዎች ቤተሰብ ከተማዋ የእኛ ናት ይል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስላሉት መቶ ዓመታት የተጻፈው ጥቂት ነው። የ1840ዎቹ ግን በቀን በቀን ተጽፏል። ጆን ሎይድ ስቲቨንስ አሜሪካዊ ጠበቃና ዲፕሎማት ነበር። ፍሬድሪክ ካተርውድ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነበር። ሁለቱ በ1840 ኡሽማል ደረሱ፤ ካተርውድ ወዲያው በንዳድ ወድቆ ጉዞው ተቋረጠ። ሰዎቹ ግን አልተውም። በ1841 መጨረሻ ሳሙኤል ካቦት የሚባል ሐኪም ጨምረው ተመለሱ። የገዢው ቤተ መንግሥት ውስጥ አልጋቸውን ዘርግተው ሳምንታት ኖሩበት። ካተርውድ እያንዳንዱን ፊት፣ እያንዳንዱን ጥርብ ድንጋይ በወረቀት ላይ አሰፈረ። ካተርውድ ያኔ የነደፈውን ግድግዳ አሁን ካለው ጋር አስተያይቶ የወደቀውን መለየት ይቻላል። በመጨረሻ ወባው ሁሉንም አሸንፎ አባረራቸው።

ሲሄዱ ግን ባዶ እጃቸውን አልሄዱም። ከበር በላይ የነበረ ጽሑፍ የተቀረጸበት የእንጨት ተሸካሚ ነቅለው ኒው ዮርክ ወሰዱ። በ1842 የካተርውድ የሥዕል አዳራሽ ሲቃጠል አብሮ ነደደ። ሺህ ዓመት ምስጥና ዝናብ ያልበላው እንጨት ኒው ዮርክ ዓመት አልቆየም። ለስቲቨንስ ግን አንድ ነገር ይመሰገንለታል። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ጸሐፊዎች ሕንፃዎቹን ግብፆች ሠሯቸው፣ የጠፋ ነገድ ሠራቸው ይሉ ነበር። እሱ ግን የሠሯቸው አጠገቡ ያሉት የአገሬው ሰዎች አባቶች መሆናቸውን በግልጽ ጻፈ። “ይህንን እናንተ አልሠራችሁትም” መባል ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ኡሽማል ከ1996 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። አስጎብኚዎች ሳይናገሩት የማያልፉት ሌላው ታሪክ የ1975ቱ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ የማታውን የብርሃንና የድምፅ ትርዒት ሊመርቁ መጥተው ነበር። ወሩ ዝናብ የማይጠበቅበት ነው። የቻክ ጸሎት በድምፅ ማጉያው ሲሰማ ግን ዶፍ ወረደ ይባላል።

የካካዎ ሙዚየሙ ቤልጅየም ከተጀመረ የቸኮሌት ሙዚየሞች ቤተሰብ አንዱ ነው። ጎጆዎቹ በዛፍ መካከል ተበታትነዋል። የካካዎ ፍሬ ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አይንጠለጠልም፤ ከግንዱና ከወፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ ነው የሚያድገው። አስጎብኚዋ አንዱን ፍሬ ሰንጥቃ ታሳያለች። ውስጡ ነጭ፣ የሚያሟልጭ፣ ጣፋጭ ነው። ሲልሱት የቸኮሌት ጣዕም የለውም። ቸኮሌት የሚሆነው ውስጡ ያለው ዘር እንዲብላላ ተትቶ፣ ደርቆ፣ ተቆልቶ ነው። ምጣዱ ላይ ይንገረገባል፣ ቅርፊቱ ይፈለፈላል፣ ከዚያ ወፍጮ ድንጋይ ላይ በመጅ ይፈጫል። ዱቄት ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው ይገረማል። ዘሩ ቅባት ስላለው ድንጋዩ ሲሞቅ እየለሰለሰ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ በውሃ ተበጥብጦ ከዕቃ ወደ ዕቃ ከላይ ይንቆረቆራል፤ አረፋ እስኪይዝ። ጥንት ማያዎች የሚወዱት አረፋውን ነበር። ስኳር አልነበረም፤ ማር ነበር፤ እሱም ከማትናደፈው ንብ፣ እኛ ጣዝማ ከምንላት ዓይነት። በርበሬም ይገባበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ አይከፋም። የወጣችን በርበሬ ራሷ የመጣችው ከዚያው የዓለም ክፍል ነው።

ካካዎ መጀመሪያ የለማው ግን ሜክሲኮ አይደለም። ኢኳዶር ውስጥ ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ማስረጃ ተገኝቷል። ለማያዎች ይበቃቸዋል፤ መጠጡን ማዕረግ የሰጡት እነሱ ናቸው። ጓቴማላ ሪዮ አዙል ላይ ከአንድ መቃብር የወጣ ማሰሮ ላይ “ካካው” የሚል ጽሑፍ ተነቦበታል። ውስጡ የቀረው ዝቃጭም ሲመረመር ካካዎ ሆኖ ተገኝቷል። ዘሩ ገንዘብም ነበር። ኮሎምበስ በ1502 የነጋዴዎች ታንኳ ሲያገኝ፣ አንድ ፍሬ ሲወድቅባቸው ዓይናቸው የወደቀ ያህል ጎንበስ ብለው ይለቅሙ እንደነበር ልጁ ጽፏል። በ1545 ትላክስካላ ላይ በወጣ የዋጋ ዝርዝር አንዲት ሴት የቱርክ ዶሮ 100 ፍሬ ታወጣ ነበር። ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠሩም አልጠፉም፤ ቅርፊቱን ባዶ አድርገው ሌላ ነገር ይሞሉበት ነበር። “ቸኮሌት” የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ አስጎብኚዎቹ በእርግጠኝነት ይናገራሉ። የቋንቋ ሊቃውንቱ ግን ገና አልተስማሙም።

ካካዎ ጥላና እርጥበት ይወዳል፤ ዩካታን ደግሞ ደረቅ ነው። ዛሬ የሜክሲኮ ካካዎ በብዛት የሚመጣው ከታባስኮና ከቺያፓስ ግዛቶች ነው። የጥንቶቹ ዩካታኖች ግን ዘዴ ነበራቸው። መሬቱ ሰምጦ አፈርና እርጥበት በያዘባቸው ጉድጓዶች ውስጥ ይተክሉት ነበር። ተመራማሪዎች እዚያው ዩካታን ባለችው ቫያዶሊድ ከተማ አካባቢ እንዲህ ባሉ ጉድጓዶች ውስጥ የካካዎ ዛፍ አግኝተዋል።

ለዋናው ብዙ ምርጫ አለ፤ ከኡሽማል ጋር አብሮ የሚመቸው ሙኩይቼ ነው። የድሮ የቃጫ እርሻ ነው። እንግሊዝኛው ቃጫን ሲሳል የሚለው እዚሁ ዩካታን ካለችው የሲሳል ወደብ ስም ወስዶ ነው። ሀብቱ ብዙ ነበር፤ የተሠራው ግን በዕዳ በታሰሩ ማያዎች ጉልበት ነው። ስቲቨንስ በጉዞው እዚህ አርፎ ሴኖቴው ውስጥ ገላውን ታጥቧል። በ1865 ደግሞ የሜክሲኮ ንጉሠ ነገሥት ሚስት ካርሎታ ጎበኘችው፤ አንዱ ሴኖቴ በስሟ ይጠራል። የቤልጅየም ልዕልት ነበረች። ቤልጅየሞች ከዚህ መንገድ አይጠፉም።

መጀመሪያ ሻወር ይወሰዳል። የፀሐይ ቅባት መቀባት አይፈቀድም። የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሶ፣ ደረጃውን ይዞ ቁልቁል መውረድ ነው። ሙቀቱ ከላይ ይቀራል። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ጥልቀቱ ያታልላል። የዛፍ ሥር ጣሪያውን ሰርስሮ እንደ ገመድ ተንዠርግጎ ውሃውን ይጠጣል። ከላይ የሌሊት ወፍ አለ፤ ምንም አያደርግም።

የሴኖቴዎቹ ካርታ ራሱ ታሪክ አለው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮቹን ያጠፋው የሰማይ ድንጋይ የወደቀው እዚሁ ዩካታን ጠረፍ፣ ቺክሹሉብ ላይ ነው። የተወው ጉድጓድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ግማሹ ባሕር ውስጥ ነው። የብስ ላይ ያለውን ጠርዝ ተከትለው ሴኖቴዎች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። የድንጋዩን ጉድጓድ መጀመሪያ ያስተዋሉት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነዳጅ ፍለጋ ላይ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው።

የሻወሩ ሕግ ቀልድ አይደለም። ከሥር ያለው ውሃ የተያያዘ ነው፤ ሕዝቡም የሚጠጣው እሱኑ ነው። በሴኖቴዎቿ የምትታወቀው ሆሙን ከተማ አጠገብ 49,000 አሳማ የሚይዝ እርባታ ተከፍቶ ነበር። ነዋሪዎቹ ውሃችን ይበከላል ብለው በልጆቻቸው ስም ከሰሱ። በ2018 ፍርድ ቤት አገደው፤ በ2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እግዱን አጸናው።

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለጉዞው ይመቻል፤ ሚያዝያና ግንቦት ግን ኡሽማል ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ውሃ፣ ኮፍያ፣ ፎጣና ቅያሪ ልብስ መያዝ ነው። ሚኒባሱ ሜሪዳ የሚመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። የማታውን ትርዒት ማየት የፈለገ ኡሽማል አጠገብ ማደር ይኖርበታል።