ዶክ ዳይቪንግ፦ ሪትሪቨር ከመድረክ ወደ ውኃ መዝለልን እንዴት ይማራል?

ዶክ ዳይቪንግ ውሻ ከመድረክ ላይ ተንደርድሮ ወደ ውኃ የሚዘልበት ስፖርት ነው። በዋናው ውድድር የሚያሸንፈው ከሁሉም ርቆ የዘለለው ነው። ርቀቱ የሚለካው ከመድረኩ ጫፍ ጀምሮ የጅራቱ ሥር ውኃውን እስከነካበት ቦታ ድረስ ነው። አንገቱን አስረዝሞ ቢወርድ አንዲት ሴንቲ ሜትር አትጨመርለትም።

ስፖርቱ የተወለደው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የውሻ ምግብ አምራቹ ፑሪና ባዘጋጀው ውድድር ላይ ለሕዝብ ታየ። በ2000 ደግሞ የስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን በቴሌቪዥን አሳየው፣ ውድድሩን የሚመራው ዶክዶግስ የተባለው ድርጅትም ተቋቋመ። የመድረኩ ልክ የተለመደ ነው፦ ርዝመቱ 12 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 2.4 ሜትር፣ ከውኃው በላይ ከፍታው 60 ሴንቲ ሜትር። ውኃው ቢያንስ 1.2 ሜትር ይጠልቃል። ወለሉ ላይ እግር የማያንሸራትት ምንጣፍ ወይም ሰው ሠራሽ ሣር ይነጠፋል።

ክብረ ወሰኑን የያዙት ቀጫጭኖቹ ሯጮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የዊፔት ዝርያ የሆነው የሳውንደርስ ዝላይ 11 ሜትር ከ2 ሴንቲ ሜትር ተለክቷል። መድረኩ ላይ በብዛት የሚታዩት ግን ሪትሪቨሮች፣ ማለትም እንደ ላብራዶርና ጎልደን ሪትሪቨር ያሉ የወደቀን ነገር ለቅመው የሚያመጡ ዝርያዎች ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የላብራዶር ቅድመ አያቶች በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ከዓሣ አጥማጆች ጋር የሚሠሩ ውሾች ነበሩ። ጎልደን ሪትሪቨር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንድ ውስጥ የተዳቀለው አዳኝ የጣለውን ወፍ ከውኃም ከየብስም ለቅሞ እንዲያመጣ ነው። በጣቶቻቸው መካከል ቆዳ አለ። ፀጉራቸው ድርብ ነው፣ ብርድ ቶሎ አያስገባም። የላብራዶር ወፍራም ጅራት ደግሞ ሲዋኝ አቅጣጫ ያስይዘዋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ይዞ የተወለደ ውሻ ምን መማር ያስፈልገዋል? መዋኘትና ማምጣት በደሙ አለ። የሚቸግረው የመድረኩ ጫፍ ነው። ከባሕር ዳርቻ ያለ ሐሳብ ዘው የሚል ላብራዶር ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። የፊት እግሮቹን ዝቅ አድርጎ ወደ ታች ያያል። ያለቅሳል። ከዚያ ዞር ብሎ ከውኃው በሚወጣበት መውጫ በኩል በእግሩ ወደ ውኃው የሚያደርስ መንገድ ይፈልጋል። ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ብልጠትም አለበት። ከላይ ሆኖ ጥልቀቱ አይታየውም፣ ሌላ መንገድ ካለ ለምን ይዘላል?

እዚህ ላይ ብዙ ባለቤት ትዕግሥቱ አልቆ ውሻውን ገፍትሮ ይከታል። ከዚህ የባሰ ጥፋት የለም። ሁለተኛ ወደ ጫፉ አይጠጋም፣ ባለቤቱንም አያምንም። በውድድር ላይም ውሻን በግድ ውኃ ውስጥ መክተት ክልክል ነው።

ጥሩ አሠልጣኝ ከየብስ ይጀምራል። ውሻው የሚያብድለት አንድ መጫወቻ ይመረጣል። ይህ መጫወቻ ቤት ውስጥ አይጣልም፣ ለውኃ ብቻ ይቀመጣል። ቀጥሎ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ፣ ከዚያ ትንሽ ራቅ እየተደረገ ይወረወራል። ጀማሪ ዋናተኛ ፊቱን ሽቅብ አድርጎ በፊት እግሮቹ ውኃውን ይደበድባል፤ ኋላው ይሰምጣል። ላይፍ ጃኬት (የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) ሲለብስ ጀርባው ቀና ይላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት መውጫውን ነው። ገንዳው በየት በኩል እንደሚያስወጣ የማያውቅ ውሻ ግድግዳውን እየቧጨረ ይደነግጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ከመውጫው ተነሥቶ እንዲገባና በዚያው እንዲወጣ ደጋግሞ ይለማመዳል። ዝላዩ ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ከዝቅተኛ መድረክ፣ ጫፉ ላይ ከቆመበት፣ መጫወቻው አፍንጫው ሥር ውኃ ላይ ወድቆለት። አንዴ ከገባ አድናቆቱ በሽ በሽ ይሁን። መንደርደሪያው በየጊዜው በጥቂት እርምጃ ይጨመራል።

አወራወሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መጫወቻውን ውኃ ላይ አስቀምጦ ውሻውን ከኋላ መላክ ነው፤ ለጀማሪ ይመቻል። ሁለተኛው ውሻው እየሮጠ ሳለ ከፊቱ መወርወር ነው። ውሻው ዐይኑን ሽቅብ ስለሚያደርግ አካሉም ሽቅብ ይነሣል፣ ርቀት የሚገኘውም ከዚህ ነው። መጫወቻው ቀድሞ ከወደቀ ውሻው ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዘገየ ጫፉ ላይ ያመነታል። በእኔ ግምት የአንድ ጥሩ ዝላይ ግማሹ የወርዋሪው እጅ ነው። ሌላው ፈተና «ቆይ» ተብሎ መንደርደሪያው መነሻ ላይ መቀመጥ ነው፤ የጋለ ላብራዶርን ለአምስት ሰከንድ ማስቀመጥ ከማዘለል ይከብዳል።

ጤናውንም ማየት ግድ ነው። ውሻ አፉን ከፍቶ መጫወቻ በነከሰ ቁጥር ውኃ ይውጣል። ከበዛ የደሙ ጨው ይቀንስና ሆዱ ይነፋል፣ ያስመልሰዋል፣ ይንገዳገዳል፤ ሊገድለውም ይችላል። እንዲህ ሲሆን ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። መከላከያው ጠፍጣፋ መጫወቻ መጠቀምና ቶሎ ቶሎ ማሳረፍ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብዙ የዋኘ ላብራዶር ደግሞ በማግስቱ ጅራቱ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። ያማል እንጂ በጥቂት ቀናት ዕረፍት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ሐይቅ ላይ ከሆነ ከመዝለሉ በፊት ሰው ገብቶ ጥልቀቱንና ከሥር ያለውን ግንድና ድንጋይ ይፈትሽ። አረንጓዴ አልጌ የለበሰ ውኃ መርዛማ ሊሆን ስለሚችል ከናካቴው ይቅር።

መወዳደር የፈለገ በየደረጃው ቦታ አለው፤ ከ3 ሜትር በታች የሚዘልም ከጀማሪዎች ጋር ተመድቦ ይወዳደራል። ከርቀቱ ሌላ ከፍ ብሎ የተሰቀለ መጫወቻ የሚነጠቅበትና በፍጥነት ዋኝቶ የሚደረስበት ውድድርም አለ። ለዶክዶግስ ውሻው ስድስት ወር ይሙላው እንጂ ንጹሕ ዝርያ መሆን ግዴታው አይደለም። ስድስት ወር ግን ለመመዝገብ ነው፤ ትልልቅ ዝርያዎች አጥንታቸው ገና ስላልጠና በዚያ ዕድሜ ዝላዩን ማብዛት አይመከርም።