አዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል

አዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ከወሊድ ጋር በተያያዘ ፌስቱላና ሌሎች የዳሌ ወለል (ፊኛንና ማህፀንን ከታች ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ) ጉዳቶች የደረሰባቸውን ሴቶች በነፃ የሚያክም ተቋም ነው። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛን ከዳሌ አጥንት ጋር ይጫነዋል፤ ደም ያልደረሰው አካል ሞቶ ይቀደዳል፤ ይህ ቀዳዳ ፌስቱላ ይባላል፤ እናቲቱም ሽንት መቋጠር ይሳናታል።

መሥራቾቹ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ በ1959 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም በሦስት ዓመት ውል ወደ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል መጡ። ሦስቱ ዓመት የዕድሜ ልክ ሆነ። የራሳቸው ሆስፒታል የተከፈተበትን ዓመት አንዳንዶች 1974፣ ሌሎች 1975 ይሉታል።

ስለ ቡድን ሥራ ሲነሳ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ማለፍ አይቻልም። በ1962 በታካሚነት መጥተው ቀሩ፤ አልጋ ከማንጠፍ መሣሪያ ወደ ማቀበል፣ ከዚያም ስፌቱን ራሳቸው ወደ መሥራት ተሸጋገሩ። ፊደል ሳይቆጥሩ የጀመሩት ሙያ በ1989 ከለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ አስገኝቶላቸዋል።

ቀዶ ሕክምናው የመንገዱ አጋማሽ ነው። ሰውነቷ የከሳች ሴት አስቀድማ በምግብ ታገግማለች፤ ነርቯ ተጎድቶ እግሯን የምትጎትት፣ ወይም ለወራት ተኮራምታ በመተኛት ጉልበቷ አልዘረጋ ያላት ደግሞ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ትሠራለች። ከስፌቱ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በካቴተር (ሽንት ከፊኛ በሚያፈስ ቱቦ) ትቆያለች። ያን ጊዜ ኃላፊነቱ የነርሷ ነው፤ ቱቦው ተደፍኖ ፊኛው ከተወጠረ የሐኪሙ ስፌት ሊፈታ ይችላልና። ከረዳቶቹ ብዙዎቹ የቀድሞ ታካሚዎች ናቸው፤ አዲስ ለመጣችው ሴት ከማንም ምክር ይልቅ የእነርሱ ፊት ይበልጥ ያጽናናታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንት የሚያመልጣቸው አሉ። ለእነዚህ የዳሌ ወለል ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ አንዳንዴም ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ጉዳታቸው ሙሉ በሙሉ ሊጠገን ላልቻለ ሴቶች ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የደስታ መንደር የተባለ መኖሪያ ተቋቁሟል።

በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተከፍተዋል፤ የአዋላጆች ኮሌጁም በ2007 ሥራ ጀምሯል። ዶክተር ሬጅናልድ በ1993፣ ዶክተር ካትሪን በ2020 አርፈዋል።

ታካሚዋ ስትሰናበት አዲስ ቀሚስ ትለብሳለች፤ ዳግመኛ ካረገዘችም ሆስፒታል ሄዳ በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ይነገራታል።