ቁልቋል ምንድን ነው? ካክተስ አይደለም፣ በለስም አይደለም

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ አየሁ። ሰውዬው ከትልቅ ቁልቋል ሥር ቆሟል። ቁልቋሉ ክንዶቹን ወደ ላይ የዘረጋ፣ ከጎጆ ጣሪያ በላይ የወጣ ሽማግሌ ነው። "ይሄ ካክተስ ይባላል፣ ፍሬው ይበላል፣ ለጤናም ፍቱን ነው" አለ። ቡናዬን አስቀመጥኩ። ቁልቋልን ካክተስ ሲሉት ስንቴ ሰምቼ አልፌያለሁ። ይሄኛው ግን ዓይን ያጠፋል።

ሰውዬው በልቡ ያለው በለስ ነው። ክረምት ላይ መቀሌ ወይም አዲግራት የሄደ ሰው ያውቀዋል። የሚሸጠው ልጅ ፍሬውን በቢላዋ ጫፍ ይይዛል፣ ግራና ቀኙን ይቆርጣል፣ በቁመቱ ይሰነጥቃል፣ ልጣጩን በአውራ ጣቱ ገልጦ "እንካ" ይልሃል። አንተ ልጣጩን አትነካም። ከነካህ ያቺ የማትታይ እሾህ ጣትህ ላይ ሦስት ቀን ትቆያለች። በለስ እውነተኛ ካክተስ ነው፣ ካክተስ የሚባለው የአሜሪካ ተክሎች ቤተሰብ አባል። አገሩ ሜክሲኮና አካባቢው ነው፤ ወደ ትግራይ የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው ይባላል።

ቁልቋል ግን ከጥንትም የኛው ነው። "ሁለቱም ወፍራም፣ ሁለቱም እሾሃም፣ ምን ለየው?" የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋት ሁለት ሰው ጋቢ ተከናንቦ ቢሄድ ወንድማማች ናቸው? ብርዱ ነው ያለበሳቸው። ለእነዚህ ተክሎችም ድርቁ ነው ጋቢውን ያለበሳቸው፦ ውሃ የሚያጠራቅም ወፍራም ግንድ፣ የከሳ ወይም የጠፋ ቅጠል፣ እሾህ። አንዱ አሜሪካ ሌላው አፍሪካ፣ ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ለበሱ። ከኋላ አይተህ "አጎቴ!" ብለህ ትከሻውን ብትነካው የማታውቀው ሰው ዞሮ ያፈጥብሃል። ፊታቸው አበባቸው ነው። የበለስ አበባ ሰፊና ደማቅ ነው፤ የቁልቋል አበባ ጥቃቅን ነው፣ ጠጋ ካላልክ አበባም አይመስልህ። በትራቸውም፣ ማለትም እሾሃቸው፣ ይለያል። የቁልቋል እሾህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ የካክተስ እሾህ ከትንሽ ፀጉራም ነጥብ ላይ በእቅፍ ይበቅላል። እዚህ ላይ የጋቢ ምሳሌዬ መቀደድ ጀምሯል፣ ልተወው።

ዋናው ወተቱ ነው። ቁልቋልን ጫር ብታደርገው ነጭ ወተት ይንጠባጠባል። በለስን ብትቆርጠው ውሃማ ነገር ነው የሚወጣው። ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ከገባ ለጊዜውም ቢሆን ሊያሳውር ይችላል። አንዴ ናሙና ስቆርጥ ላቤን በእጄ ጀርባ ጠረግኩ። እስከ ማታ ዓይኔን አልገለጥኩም። የገባበት ሰው በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። አጥር የሚሆነው ቅንጭብም የቁልቋል ዘመድ ነው፤ ወተቱ ያው ነው። ሕፃናት እየሰበሩ ይጫወቱበታል፣ ከልክሏቸው።

(ወተት ያለው ሁሉ መርዝ ነው ማለቴ አይደለም። የሾላ ዛፍ ወተት አለው፣ ፍሬው ይበላል። አጋምም ስትቀነጥበው ነጭ ይወጣዋል፤ ጥቁር ወይን ጠጅ ፍሬውን ግን ያልበላ እረኛ የለም። ካክተስ በሙሉ የአሜሪካ ነው ማለትም አይቻልም፤ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድግ አንድ ዝርያ በተፈጥሮው በአፍሪካ ደኖችም አለ። አንድ ብቻ።)

"ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል" የሚለውን ተረት ሁሉም ይጠቅሳል። በለስን አስበህ ካልከው ግን ተረቱ ይሞታል። አጋም እሾሁ ጠንካራ ነው። ንፋስ ባወዛወዘው ቁጥር የጎረቤቱን ገላ ይወጋል፣ ነጩ ወተት ይወርዳል። ለቅሶው እሱ ነው። በለስ ምን ብሎ ያለቅሳል?

ገበሬው እኮ ድሮም አልተሳሳተም። በአንዳንድ አካባቢ በለስን "የባሕር ቁልቋል" ይለዋል። የባሕር ዛፍ እንደምንለው ማለት ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ቁልቋል የሚመስል። ትሏም አልተሳሳተችም። ለቀይ ቀለም ተብላ ወደ ትግራይ የገባችው ኮቺኒል የምትባል ነፍሳት ከቁጥጥር ውጪ ወጥታ የደቡብ ትግራይን በለስ ስትጨርስ፣ አጠገቡ የቆመውን ቁልቋል አልነካችውም። ምግቧ ካክተስ ነዋ!

በለስ የሚለው ስምም የራሱ ጣጣ አለው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አዳምና ሔዋን የሰፉት የበለስ ቅጠል የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው። የትግራዩን በለስ ሰፍተው ቢያገለድሙ ኖሮ ከገነት ሳይባረሩ ራሳቸው ሮጠው ይወጡ ነበር።

ባለፈው አበባ መሸጫ ሄጄ፣ ጣሳ ላይ "ካክተስ" ተብሎ የተቀመጠ ትንሽ ተክል አየሁ። እሾሁ ጥንድ ጥንድ። "ወንድሜ፣ ይሄ የቁልቋል ዘር ነው" ብዬ በመርፌ ጫፍ ነካ አደረግኩለት። ነጭ ጠብታ ወጣ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየው። "እንዴ! ወተት ያለው ካክተስ ነው ለካ" አለና ሃምሳ ብር ጨመረበት።