በፓኬት ሄደር ላይ ያለው «ርዝመት» የሚቆጠረው በምንድን ነው?

ፓኬት በኔትወርክ የሚላክ የዳታ ጥቅል ነው፤ ሄደር ደግሞ ከዳታው በፊት የሚቀመጠው የመግለጫ ክፍሉ ነው። የአይፒ ቨርዥን 4 ፓኬት የመጀመሪያ ባይት አብዛኛውን ጊዜ በሄክሳዴሲማል 45 ሆኖ ይታያል። 4ቱ የቨርዥኑ ቁጥር ነው። 5ቱ የሄደሩ ርዝመት ሲሆን ግራ የሚያጋባው እሱ ነው፤ አንዱ ቁጥር የሚወክለው 4 ባይት ነውና 5 ሲባዛ በ4፣ 20 ባይት ይሆናል። የተሰጠው ቦታ 4 ቢት ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ከ15 አያልፍም፤ ትልቁ ሄደርም 60 ባይት ነው። በአይፒ ፓኬት ውስጥ የሚጓዘው ፕሮቶኮል ቲሲፒም የራሱን ሄደር በዚሁ ስሌት ይቆጥራል። «ሁልጊዜ 20 ነው» ብሎ የተጻፈ ኮድ፣ ኦፕሽን (በሄደሩ ላይ የሚጨመር አማራጭ መስክ) ያለበት ፓኬት ሲደርሰው ኦፕሽኑን እንደ ዳታ ያነበዋል።

እንደ ቲሲፒ በአይፒ ፓኬት ውስጥ የሚጓዘው የዩዲፒ ሄደር ምንጊዜም 8 ባይት ነው። የርዝመት ቁጥሩ ግን በባይት ሆኖ ሄደሩንም ዳታውንም ይጨምራል።

ከሁሉ የሚያሳስተው ኢተርኔት ነው። ፍሬሙ (ፓኬቱን የሚሸከመው የኢተርኔት ጥቅል) ቢያንስ 46 ባይት ጭነት ስለሚፈልግ፣ ዳታ በሌለው 40 ባይት የቲሲፒ ማረጋገጫ ላይ 6 ባይት ማሟያ ይታከላል። የዳታውን መጠን ከፍሬሙ ርዝመት ካሰላችሁ ያ ማሟያ ዳታ መስሎ ይገባል። በአይፒ ሄደሩ 3ኛና 4ኛ ባይት ላይ ከተጻፈው ጠቅላላ ርዝመት ተነሡ፤ ከእሱ ላይ ሁለቱን ሄደሮች (የአይፒውንና የቲሲፒውን) ቀንሱ።