በቴኒስ ጥንድ ጨዋታ ነጥቡ የማን ነው?

ግጥሚያ ባየን ቁጥር ይህ ክርክር ስለሚነሳ አንዴ ልጨርሰው። በነጥብ የሚወጣው የዓለም ደረጃ የጥንዱ ሳይሆን የየግል ነው። ትልቁን የዊምብልደን ውድድር ያሸነፉ ሁለቱ 2000 የደረጃ ነጥቡን አይካፈሉም፣ እያንዳንዳቸው ሙሉውን 2000 ያገኛሉ። የሚካፈሉት ብሩን ነው፤ የሽልማቱ ገንዘብ የሚነገረው ለጥንዱ ነዋ።

አጣማሪ ቢቀየርም ነጥቡ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካዊው የጥንድ ተጫዋች ቦብ ብራያን ዳሌውን ተጎድቶ ሲወጣ መንትያውና አጣማሪው ማይክ ከጃክ ሶክ ጋር ተጣምሮ ዊምብልደንንም ዩኤስ ኦፕንንም በላ፣ በ40 ዓመቱም የዓለም አንደኛ ሆነ። ያለ ወንድሙ!

ውድድር ለመግባት ግን የሁለቱ ደረጃ ይደመራል። አንዱ 30ኛ ሌላው 50ኛ ከሆነ 80 ማለት ነው፣ ትንሽ ድምር ያለው ይቀድማል። እስከ ስንት ድምር እንደሚያስገባ እንደየውድድሩ ይለያያል።