የፕሮስቴት፣ የፊኛ፣ የኩላሊትና የዘር ፍሬ ካንሰር፦ ምርመራውና ሕክምናው የት ደረሰ?

የሽንትና የወንዶች የመራቢያ አካላት ካንሰሮች በአንድ ክፍል፣ በዩሮሎጂ ሐኪሞች ዘንድ ይታዩ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው፤ ምርምራቸውም በየፊናው ተጉዟል። በ2022 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ላይ 1.47 ሚሊዮን ገደማ ወንዶች የፕሮስቴት ካንሰር፣ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች የሽንት ፊኛ ካንሰር፣ ከ430 ሺህ በላይ ሰዎች ደግሞ የኩላሊት ካንሰር እንደተገኘባቸው ይገመታል። የዘር ፍሬ ካንሰር ከእነዚህ እጅግ ያነሰ ሲሆን የሚያጠቃው በአብዛኛው ወጣቶችን ነው።

የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና መሠረቱ የተጣለው በ1941 ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቻርለስ ሃጊንስና ክላረንስ ሆጅስ፣ የወንድነት ሆርሞን ሲቀንስ ወደ አጥንት የተሰራጨ ካንሰር እንኳ እንደሚዳከም አሳዩ። ዘዴያቸው የዘር ፍሬን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ወይም የሴት ሆርሞን መስጠት ነበር። ሃጊንስ በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። ዛሬ በየጊዜው የሚወጉት የሆርሞን መርፌዎችም ሆኑ እንደ አቢራቴሮንና ኤንዛሉታማይድ ያሉት ውድ እንክብሎች የሚሠሩት በዚያው መርህ ነው። መድኃኒት በሌለበት ቦታ ደግሞ አሮጌው ቀዶ ሕክምና አሁንም ርካሹና ፈጣኑ መንገድ ነው።

ያስቸገረው ምርመራው ነው። ፒኤስኤ የተባለው የደም ምርመራ በአሜሪካ በ1986 ለታካሚዎች ክትትል፣ በ1994 ደግሞ ካንሰሩን ለመፈለጊያነት ተፈቀደ። ነገር ግን መጠኑ ፕሮስቴት በዕድሜ ሲያብጥም፣ ኢንፌክሽን ሲኖርም ከፍ ይላል። ካንሰር ሲገኝም ብዙውን ጊዜ ሰውየውን ዕድሜ ልኩን የማይነካው ዓይነት ነው። በዚህ ሰበብ ብዙ ወንዶች ሳያስፈልጋቸው ታክመው ሽንታቸውን መቆጣጠር ተሳናቸው፣ የወሲብ አቅማቸውም ተዳከመ። በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ባለፉት ሃያ ዓመታት በዘርፉ ከታየው ሁሉ የሚበልጠው እመርታ ማንን መንካት እንደማያስፈልግ መታወቁ ነው።

ለዚህ ዋናው ማስረጃ ፕሮቴክት የተሰኘው የብሪታኒያ ጥናት ነው። ካንሰሩ ገና ከፕሮስቴት ያልወጣ 1,643 ወንዶች በዕጣ ተመድበው አንዳንዶቹ ክትትል ብቻ፣ ሌሎቹ ቀዶ ሕክምና፣ የቀሩት የጨረር ሕክምና አገኙ። በ2023 የታተመው የ15 ዓመት ውጤት እንዳሳየው በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት ከሁሉም 45 ብቻ፣ ማለትም 2.7 በመቶ ናቸው፤ በሦስቱ ቡድኖች መካከልም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ሆኖም ክትትል ማለት ዝም ብሎ መተው አይደለም። በክትትል ቡድኑ ካንሰሩ የተሰራጨባቸው ከሌሎቹ እጥፍ ገደማ ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ውለው አድረው ወደ ሕክምና ገብተዋል።

ኤምአርአይ ከባዮፕሲ (ናሙና ወስዶ ከመመርመር) በፊት መነሳቱ ሌላው ለውጥ ነው። ቀድሞ ሐኪሙ በመርፌ ናሙና የሚወስደው ዕጢው የት እንዳለ ሳያይ ነበር። በ2018 ይፋ በሆነ፣ 500 ወንዶች በተሳተፉበት ጥናት፣ መጀመሪያ ኤምአርአይ ከተነሱት ውስጥ አደገኛው ካንሰር በ38 በመቶው ተገኘ፤ በቀድሞው አሠራር ከተመረመሩት ግን በ26 በመቶው ብቻ። ኤምአርአይ ከተነሱት ከአራቱ አንዱ ገደማ ደግሞ ጭራሽ መርፌ ሳያስፈልገው ቀርቷል።

ካንሰሩ ለተሰራጨባቸው በዚህ ዘመን የመጣው አዲስ ነገር ፒኤስኤምኤ በተባለው፣ በፕሮስቴት ካንሰር ሕዋሳት ላይ በብዛት በሚገኘው ፕሮቲን ላይ ያነጣጠረ ነው። ፕሮቲኑን ፈልጎ የሚጣበቅ ሞለኪውል ቀላል ጨረር አመንጪ ሲጫንበት ካንሰሩ ያለበትን ቦታ በፔት ስካን ያሳያል፤ ሉቴቲየም 177 የተባለው ብርቱ ጨረር አመንጪ ሲጫንበት ደግሞ ሕዋሱን ይገድላል። ይኸው ሕክምና በአሜሪካ በ2022 ተፈቀደ። ሌላ መድኃኒት ያልያዘላቸው ታካሚዎች በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ከ11.3 ወር ወደ 15.3 ወር አድጓል። አራት ወር ነው፤ ፈውስ አይደለም።

የፊኛ ካንሰር ታሪክ ከዚህ ይለያል። የመጀመሪያው ምልክት ብዙውን ጊዜ ሕመም የሌለው ደም በሽንት መታየቱ ነው። ማክስ ኒትሰ በ1879 ለሕዝብ ያሳየው፣ ብርሃን የተገጠመለት ቱቦ ተሻሽሎ ዛሬም ዋናው መመርመሪያ ነው። ሕክምናው ላይ የሚያስገርመው ቢሲጂ ነው፤ ያው በአገራችን ለጨቅላ ሕፃናት ክንድ ላይ የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት። በ1976 አልቫሮ ሞራሌስ በካናዳ ኪንግስተን ለዘጠኝ ታካሚዎች ክትባቱን በቱቦ በቀጥታ ወደ ፊኛ ቢሰጥ ዕጢው ተመልሶ መብቀሉ ቀነሰ። የተዳከመው ባክቴሪያ የሰውነትን መከላከያ ወደ ፊኛው ግድግዳ ይጠራል። በተለምዶ በሳምንት አንዴ ለ6 ሳምንት ይሰጣል፤ ታካሚውም ሁለት ሰዓት ያህል ሽንቱን ይዞ ይቆያል። ወደ ጡንቻ ላልዘለቀ ግን አስጊ ለሆነ ዕጢ እስካሁን ቀዳሚው ምርጫ ነው።

ለተሰራጨው የፊኛ ካንሰር ለረጅም ዓመታት ሲስፕላቲን ከተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት የተሻለ አልነበረም። በ2023 ግን ኤንፎርቱማብ ቬዶቲን (መርዝ ተሸክሞ ወደ ካንሰሩ ሕዋስ የሚያደርስ መድኃኒት) የሰውነትን መከላከያ ከሚያነቃቃው ፔምብሮሊዙማብ ጋር ተጣምሮ በ886 ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ፣ ታካሚዎች በሕይወት የሚቆዩበትን መካከለኛ ጊዜ ከ16.1 ወር ወደ 31.5 ወር አደረሰው። በዘርፉ እንዲህ ያለ እጥፍ ውጤት ብርቅ ነው።

በኩላሊት ካንሰር በኩል ቁልፉ በ1993 የተለየው ቪኤችኤል የተባለ ጂን ነው። ጂኑ ሲበላሽ ሕዋሱ ኦክስጅን ያጣ መስሎት አዳዲስ የደም ሥሮችን ይጠራል። ከ2006 ወዲህ የወጡት እንደ ሱኒቲኒብ ያሉ መድኃኒቶች ይህን ጥሪ ይዘጋሉ፤ ቀጥሎም በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያነቃቁት ተከተሉ። የዘር ፍሬ ካንሰር በበኩሉ ከሞላ ጎደል የተፈታ ነው። ሎረንስ አይንሆርን በ1974 ኢንዲያና ውስጥ በጀመረው ሲስፕላቲንን ያካተተ ሕክምና የተነሳ፣ ዛሬ በጥቅሉ ከ100 ታካሚዎች 95 ገደማው ይድናሉ።

ከላይ የተጠቀሱት የፊኛ ካንሰር መድኃኒቶች የተጠኑት ትምባሆ ዋና መንስኤው በሆነው ዓይነት ላይ ነው። በቢልሃርዚያ የሚመጣው ስኳመስ የተባለው ዓይነት በእነዚህ ጥናቶች ዋና ተተኳሪ አልነበረም። የሽንት ቢልሃርዚያ በእኛም አገር በአዋሽ ሸለቆ ቆላማ አካባቢዎችና በሱዳን ድንበር በኩርሙክ ይገኛል። በግብፅ የስኳመሱ ድርሻ የቀነሰው ቢልሃርዚያ ፕራዚኳንቴል በተባለው መድኃኒቱ ዘመቻ ሲገታ ነው፤ የትምባሆው ዓይነት ግን በምትኩ እየጨመረ መጥቷል።