በውጭ አገር አቅምን የሚመጥን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አመራረጥ

ለውጭ አገር ተማሪ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ርካሽ የሚሆነው የትምህርት ክፍያው ስላነሰ ብቻ አይደለም። ዲግሪው እስኪያዝ የሚወጣው ጠቅላላ ወጪ፣ ከዚያም ጉዞው ሳይጀመር በአንድ ጊዜ ተሟልቶ መታየት ያለበት ገንዘብ ከክፍያው ያላነሰ ክብደት አላቸው። ክፍያ የማይጠይቅ ዩኒቨርሲቲ በዚህ በሁለተኛው ምክንያት ብዙ አመልካቾችን ከበር ይመልሳል። ክፍያ የሚጠይቀው ደግሞ ኪራይ ዝቅ ያለበት ከተማ ውስጥ ስለሚገኝ ወይም የቤተሰብን ገቢ አይቶ ስለሚቀንስ ረክሶ ሊገኝ ይችላል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የገንዘብ መጠኖቹ በየጊዜው ስለሚከለሱ ከማመልከት በፊት የዩኒቨርሲቲውን የዘመኑ የክፍያ ሰንጠረዥ ማየት ያስፈልጋል።

ድጎማው ለማን ነው?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአመዛኙ የሚተዳደረው ከግብር በሚገኝ ገንዘብ ነው። ስለሆነም እያንዳንዱ አገር ድጎማው እስከ ማን ድረስ እንደሚዘልቅ በሕግ ይወስናል። አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ተማሪዎች እጅግ የተራራቀ ክፍያ የሚከፍሉት በዚህ የተነሳ ነው። በአውሮፓ መስመሩ የሚሰመረው በአብዛኛው የአውሮፓ ኅብረትና የአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና አገሮች ዜጎችን ከሌሎች በመለየት ነው። በአሜሪካ ግን ዩኒቨርሲቲው የክፍለ ግዛቱ ንብረት በመሆኑ የውጭ አገር ተማሪ ቀርቶ ከጎረቤት ክፍለ ግዛት የመጣ አሜሪካዊም በአብዛኛው የነዋሪውን ቅናሽ አያገኝም።

ሚዛኑ ዜግነት ብቻ አይደለም። ጥገኝነት የተሰጠው ሰው፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ ወይም የትዳር ጓደኛው የዚያ አገር ዜጋ የሆነ አመልካች በብዙ ቦታ እንደ አገሬው ይቆጠራል። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያው ጥያቄ «ክፍያችሁ ስንት ነው?» ሳይሆን «በእናንተ ደንብ እኔ የምመደበው የትኛው የክፍያ ምድብ ውስጥ ነው?» መሆን አለበት። መልሱን በጽሑፍ መቀበል ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው መስመሩ ወደ ኋላ እየተሳበ መምጣቱ ነው። ዴንማርክ በ2006፣ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017፣ ኖርዌይ ደግሞ በ2023 ከአውሮፓ ቀጠና ውጭ በሚመጡ ተማሪዎች ላይ ክፍያ ጀምረዋል። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቀ ሰው የሚሰጠው ምክር ቅን ቢሆንም ጊዜው ሊያልፍበት የሚችለው ለዚህ ነው። ክፍያው ከተመዘገቡ በኋላ እስከ ምረቃ ይጸና እንደሆነ ወይም በየዓመቱ ይጨምር እንደሆነ አብሮ መጠየቅ ይገባል። በዓመት 5 በመቶ የሚጨምር ክፍያ በአራተኛው ዓመት ከመነሻው ወደ 16 በመቶ ከፍ ይላል።

ጀርመን፦ ክፍያው ቀላል፣ ቅድመ ሁኔታው ከባድ

ከ2014/15 የክረምት ሴሚስተር ጀምሮ በጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መደበኛ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት በአብዛኛው ያለ ክፍያ ይሰጣል። የማስተርስ ፕሮግራሞችም ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው፤ ለሠራተኞች ተብለው የተዘጋጁት የሥራ አመራር ማስተርሶች ግን ያስከፍላሉ። ሁለት የታወቁ ልዩነቶችም አሉ። የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ከ2017/18 ጀምሮ ከአውሮፓ ቀጠና ውጭ ለሚመጡ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2024/25 ጀምሮ በፕሮግራሙ ዓይነት ለመጀመሪያ ዲግሪ በሴሚስተር 2,000 ወይም 3,000፣ ለማስተርስ 4,000 ወይም 6,000 ዩሮ ይጠይቃል። በሌሎቹ የሚከፈለው የሴሚስተር መዋጮ የሚባለው ነው፤ ከ100 እስከ 400 ዩሮ ገደማ ይደርሳል፤ በብዙ ከተሞች የአውቶቡስና የባቡር ትኬትንም ያካትታል።

እንቅፋቱ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። ለቪዛ ከሚቀርቡት የገንዘብ ማስረጃዎች ዋነኛው ብሎክድ አካውንት የሚባለው የተቆለፈ የባንክ ሂሳብ ሲሆን፣ ከ2024 መስከረም ጀምሮ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ገቢ መደረግ አለበት። ገንዘቡ የተማሪው ነው፤ ነገር ግን በየወሩ ከ992 ዩሮ በላይ አይለቀቅም። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚፈጠር ስህተት አለ። የተጠየቀውን ልክ ብቻ የላከ ሰው መካከል ላይ ያሉ ባንኮች የአገልግሎት ክፍያቸውን ሲቀንሱ ሂሳቡ በጥቂት ዩሮ ይጎድልበታል፤ ማረጋገጫው ሳይወጣለት የቪዛ ቀጠሮው ይደርሳል። ከ50 እስከ 100 ዩሮ አስበልጦ መላክ ይህን ያስቀራል። ገንዘቡን በራሱ ማስቀመጥ ለማይችል ሰው ጀርመን የሚኖር ዋስ በአካባቢው የውጭ ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚፈርመው የኃላፊነት ሰነድ ወይም ተቀባይነት ያለው ስኮላርሺፕ ሊተካው ይችላል።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ማመልከቻን የሚቀበሉት ዩኒ አሲስት በተባለው ማዕከል በኩል ነው። በአንድ ሴሚስተር ለመጀመሪያው ምርጫ 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ይከፈላል፤ ስድስት ቦታ ማመልከት 225 ዩሮ ነው ማለት ነው። በጥቅምት አካባቢ ለሚጀምረው የክረምት ሴሚስተር የተለመደው ቀነ ገደብ ሐምሌ 15፣ በሚያዝያ አካባቢ ለሚጀምረው የበጋ ሴሚስተር ጥር 15 ነው። በእንግሊዝኛ የሚሰጡ የማስተርስ ፕሮግራሞች ግን ብዙ ጊዜ በወራት ቀድመው ይዘጋሉ።

የውጤት አቆጣጠሩ የብዙዎች መውደቂያ ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። በጀርመን ከሁሉ የሚሻለው ውጤት 1.0፣ የማለፊያው መጨረሻ 4.0 ነው። የውጭ ውጤት የሚለወጠው እንዲህ ነው፦ ከከፍተኛው ነጥብ ላይ የተማሪው ነጥብ ይቀነሳል፤ የተገኘው ከፍተኛው ነጥብ ከማለፊያው ነጥብ በሚበልጥበት መጠን ይካፈላል፤ በ3 ይባዛል፤ 1 ይደመርበታል። ከፍተኛው 4.00፣ ማለፊያው 2.00 በሆነበት ሥርዓት 3.00 ያመጣ ተማሪ ልክ 2.5 ላይ ያርፋል፤ ይህም ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች የሚጠይቁት ወሰን ነው። 2.90 ያመጣው ግን 2.65 ሆኖ ከወሰኑ ይወጣል። ማለፊያው ነጥብ በትራንስክሪፕቱ ጀርባ ወይም በተለየ ደብዳቤ ካልተገለጸ መዛኙ ሌላ ቁጥር ሊወስድና ውጤቱ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ የውጤት አሰጣጥ መግለጫውን ከሬጅስትራር አስጽፎ ማያያዝ ትንሽ ድካም፣ ትልቅ ጥቅም ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃው ለቀጥታ መግቢያ የማይበቃ አመልካች ሽቱዲየንኮሌግ በሚባለው መሰናዶ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሴሚስተር ይማራል፤ የኑሮ ወጪውም በአንድ ዓመት ይጨምራል። ቀድሞ የተማረበት ተቋም ዕውቅና እንዳለው አናቢን በተባለው የመረጃ ቋት ያለ ክፍያ ይታያል።

ሌሎች አማራጮች

ኦስትሪያ ከአውሮፓ ቀጠና ውጭ ለሚመጣ ተማሪ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሴሚስተር 726.72 ዩሮ ታስከፍላለች፤ በእጅጉ ድሃ ተብለው ከተመዘገቡ አገሮች የሚመጡትን ከክፍያው ነጻ የሚያደርጉ ዩኒቨርሲቲዎችም አሏት። ቼክ ሪፐብሊክ በአገሩ ቋንቋ ለሚማር ሰው ዜግነቱን ሳትጠይቅ ያለ ክፍያ ታስተምራለች። ሆኖም ለቼክኛ ዝግጅት የሚወጣው አንድ ዓመትና የኮርሱ ክፍያ መታሰብ አለበት።

ፈረንሳይ በ2019 ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጡ ለመጀመሪያ ዲግሪ በዓመት 2,770፣ ለማስተርስ 3,770 ዩሮ ወስናለች፤ መጠኑ ከዚያ ወዲህ በጥቂቱ ከፍ ብሏል። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለተወሰኑ ተማሪዎች ይህን ቀንሰው የአገሬውን ክፍያ ያስከፍላሉ፤ የአገሬው ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ብቻ ነው። ይህ የየዩኒቨርሲቲው ውሳኔ ስለሆነ ሁለት ጎረቤት ከተሞች ውስጥ ለአንድ ዓይነት ትምህርት የሚከፈለው ሊራራቅ ይችላል።

ጣሊያን ለብዙ ቤተሰብ ከሁሉ የሚሻል አማራጭ ናት፤ ሰነዱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ክፍያው የሚወሰነው በቤተሰብ ገቢና ንብረት ሲሆን፣ የውጭ አገር ተማሪ ይህን የሚያረጋግጠው ኢዜ ፓሪፊካቶ በሚባለው ስሌት ነው። የቤተሰብ አባላት ዝርዝር፣ የዓመት ገቢ፣ የቤትና የባንክ ሂሳብ ማስረጃ ተተርጉሞና በሕግ ተረጋግጦ ይቀርባል። ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ክፍያው እስከ ምንም ሊወርድ ይችላል፤ በየክልሉ የሚሰጠው ስኮላርሺፕም ገንዘብ፣ ምግብና መኝታ ሊሸፍን ይችላል። ቀነ ገደቡ ካለፈ ግን ደሃውም ከፍተኛው እርከን ላይ ይመደባል። ሰነዶቹን ማዘጋጀት ከተቀባይነት ደብዳቤው በኋላ ሳይሆን በፊት መጀመር ያለበት ለዚህ ነው። የክልሉ ስኮላርሺፕ የመጀመሪያ ክፍያ የሚደርሰው ትምህርት ከተጀመረ ከወራት በኋላ ስለሆነ እስከዚያው የሚያኖር ገንዘብ መያዝ የግድ ነው። የተወሰነ ክሬዲት ያላሟላ ተማሪም ስኮላርሺፑን ያጣል፤ የተቀበለውን እንዲመልስ ሊጠየቅም ይችላል።

ሂሳቡን በሙሉ መሥራት

ሁለት ከተሞችን እናነጻጽር። በአንደኛው የትምህርት ክፍያ የለም፤ ኑሮው በወር 1,150 ዩሮ ነው። በሌላው በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፈላል፤ ኑሮው በወር 850 ነው። የመጀመሪያው በዓመት 13,800፣ ሁለተኛው 13,200 ዩሮ ይሆናል። «ነጻ» የተባለው በዓመት 600 ዩሮ ይበልጣል። ስለዚህ ከክፍያ ሰንጠረዥ በፊት የኪራይ ዋጋን፣ በተለይም የተማሪ መኖሪያ ወረፋን ማጣራት ይጠቅማል። ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ወረፋው ሴሚስተሮች ሊፈጅ ስለሚችል ከተፈቀደ ውሳኔው ሳይመጣ መመዝገብ ይሻላል።

የጊዜ ርዝመትም ዋጋ ነው። በአውሮፓ የመጀመሪያ ዲግሪ ከ180 እስከ 240፣ ማስተርስ ከ60 እስከ 120 የአውሮፓ ክሬዲት ይይዛል፤ የአንድ ዓመት ሙሉ ጭነት 60 ነው። የ60 ክሬዲት ማስተርስ በዓመት 6,000 ዩሮ ቢያስከፍልም ከሁለት ዓመቱ ክፍያ አልባ ፕሮግራም ሊረክስ ይችላል፤ የአንድ ዓመት ኑሮ ያስቀራልና። ብዙ ተማሪ በተመደበለት ጊዜ እንደማይጨርስ ታስቦ አንድ ተጨማሪ ሴሚስተር በሂሳቡ መግባት አለበት። የፈተና ደንቡንም ማንበብ ይገባል። በጀርመን አንድን አስገዳጅ ፈተና በተፈቀደው ሙከራ ሁሉ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጊዜ፣ የወደቀ ተማሪ ከፕሮግራሙ ይሰናበታል፤ ያንኑ ትምህርት በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ መቀጠልም ይከለከላል።

ከቪዛ ጋር የተያያዙ ወጪዎች በአገር አገሩ ይለያያሉ። ብሪታንያ ለተማሪ ቪዛ በዓመት 776 ፓውንድ የጤና ክፍያ አስቀድማ ትቀበላለች። ካናዳ ከክፍያና ከጉዞ በተጨማሪ አንድ ተማሪ ማሳየት ያለበትን የኑሮ ገንዘብ በ2024 መጀመሪያ ከ10,000 ወደ 20,635 የካናዳ ዶላር አሳድጋለች፤ ከዚያም ወዲህ ጨምራለች። አውስትራሊያ የተማሪ ቪዛ ማመልከቻን በ2024 ሐምሌ ከ710 ወደ 1,600፣ በ2025 ሐምሌ ደግሞ ወደ 2,000 የአውስትራሊያ ዶላር ከፍ አድርጋለች፤ ቪዛው ቢከለከልም ይህ ገንዘብ አይመለስም።

ሥራ ሠርቶ መማር ይቻላል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ግን ሂሳቡን በዚያ ላይ መመሥረት አደገኛ ነው። ጀርመን ከ2024 መጋቢት ጀምሮ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ትፈቅዳለች። ፈቃዱ ሥራውን አያመጣም፤ የአገሩን ቋንቋ የማይናገር ተማሪ በአነስተኛ ከተማ ወራት ሊፈልግ ይችላል።

ስም፣ ዕውቅናና ደላላ

«ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ስም ብቻውን የመንግሥት ተቋም መሆንን አያሳይም። በመንግሥት የታወቀ የግል ተቋም በሕግ የሚሠራ ነው፤ ድጎማው ግን አይመለከተውም። የአገሩ የትምህርት ሚኒስቴር ወይም ይፋዊ የዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር ላይ ባለቤትነቱን ማየት ይቻላል። ሕክምና፣ ምሕንድስና ወይም ሕግ የሚማር ሰው ዲግሪው ወደፊት ሊሠራበት ባሰበው አገር ለሙያ ፈቃድ መብቃቱን ከፈቃድ ሰጪው አካል መጠየቅ አለበት። ከዓለም አቀፍ የደረጃ ሰንጠረዥ ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ደላላ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በር የሚከፍትበት ልዩ ቁልፍ የለውም። ቅጹ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ውሳኔውም በሰነድ ነው። «ቪዛው ዋስትና አለው» የሚል፣ የማመልከቻውን የይለፍ ቃል ለተማሪው የማይሰጥ፣ የትምህርት ክፍያን በግል ሂሳብ የሚቀበል ሰው ሲያጋጥም ግንኙነቱን ማቋረጥ ይበጃል። በሌላ ሰው ኢሜይል የተከፈተ ማመልከቻ ተማሪው ተጨማሪ ሰነድ ሲጠየቅ ሳያውቀው ቀነ ገደቡን ያሳልፍበታል።

የጊዜ ሰሌዳውና ቪዛ ሲከለከል

ከትምህርት መጀመሪያ ከ12 እስከ 18 ወር ቀድሞ መነሳት ልክ ነው። የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዎቹ አይኤልትስና ቶፍል ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሚያገለግሉ ያለጊዜው መፈተን ገንዘብ ያባክናል፤ ዘግይቶ መፈተን ደግሞ ለድጋሚ ሙከራ ጊዜ አይተውም። የሰነድ ማረጋገጥና ትርጉም ሳምንታት፣ የኤምባሲ ቀጠሮ ወራት ሊፈጅ ይችላል። በስም አጻጻፍ ላይ በፓስፖርቱና በትራንስክሪፕቱ መካከል የአንድ ፊደል ልዩነት ካለ አስቀድሞ መታረም አለበት። ሁሉም ሰነድ ከተተረጎመ በኋላ ማረም ሥራውን እንደገና ያስጀምራል።

ክፍያ ከቪዛ በፊት የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ላይ የገንዘብ ተመላሽ ደንቡ ሦስት ነገር መናገር አለበት፦ ቪዛ ቢከለከል ስንት እንደሚመለስ፣ እስከ የትኛው ቀን መጠየቅ እንደሚቻል፣ ወደ የትኛው ሂሳብ እንደሚላክ። በዘመድ ሂሳብ የተከፈለ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ወደዚያው ወደ ላኪው ነው። ብሎክድ አካውንትም ሲዘጋ የክልከላ ደብዳቤው ይጠየቃል፤ ስለዚህ ደብዳቤው በደረሰ ዕለት በስካን ቀርጾ ማስቀመጥ፣ ለዩኒቨርሲቲውም ቦታው ለሚቀጥለው ሴሚስተር ይተላለፍ እንደሆነ በዚያው ሳምንት መጻፍ ያስፈልጋል።